ጎረቤላ ላይ አልነሳም ያለችው ሄሊኮፕተር

ባየው ሳይቆጣ ቀኑ አይነጋለትም። ጉልምስናውን በሙሉ ከደብረ ብርሃን ጎረቤላ፣ ከጎረቤላ ቁልቁል አሊዩ አምባ ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ መሪ የጨበጠ ሰው ቢቆጣ ማን ይፈርድበታል? በመንገዱ ይቆጣል፣ በጭጋጉ ይቆጣል፣ ዶሮ በከረጢት ደብቆ በሚሳፈር ይቆጣል፣ ልክ መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ «ወራጅ አለ!» በሚል ደግሞ ይብስበታል። የሚያውቁት ሰዎች «የባየው ቁጣ የገለባ እሳት ነው፤ ቦግ ብሎ ይጠፋል» ይሉለታል። አባባሉ ግን ጎደሎ ነው። የገለባ እሳትም ጎጆ አቃጥሎ ይጠፋል።

ሃምሳውን ሲሻገር አንድ ነገር አማረው። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ተራ ሲጠብቅ አንድ ተሳፋሪ በስልኩ ያሳየው ነገር ነው ጉዱን ያመጣው፤ ከድመት የማትበልጥ ሄሊኮፕተር፣ አንድ ሰው መሬት ላይ ቆሞ በሪሞት ሲያበርራት። ባየው ስልኩን ቀምቶ ደጋግሞ አየ። ጅራቷ ላይ ያለችው ትንሽ ክንፍ ሳትቀር ትሽከረከራለች! ተራው ደርሶ ከኋላ ጥሩምባ ሲነፋበት ዞሮ ሰደበ፤ ስልኩን ግን አልመለሰም።

ማታ ለሚስቱ ለብርሃነሽ ነገራት። «ዕድሜ ልኬን ገደል ስዞር ኖርኩ። አሊዩ አምባ ከአፋፉ ላይ ቁልጭ ብላ ትታየኛለች፤ ለመድረስ ግን ስንት ጊዜ እጠማዘዛለሁ! አሞራው ከበታቼ ቀጥ ብሎ ሲሄድ እያየሁ። አንድ ቀን እንኳ እኔ ያዘዝኩት ነገር ቀጥ ብሎ ቢሄድ ምናለ?»

«ሽበት ካወጣህ በኋላ መጫወቻ?» አለች ብርሃነሽ፤ ሳቋ አመለጣት።

«መጫወቻ አትበያት!» ጢሙ ተንቀጠቀጠ።

ዕቃዋን የሚያመጣለት ሰው ለማግኘት ሩቅ አልሄደም። ሰላሀዲን አለለት። ሰላሀዲን አሊዩ አምባ ገበያ ዳር የእጅ ባትሪ፣ ሬድዮና የሶላር መብራት የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ዕቃው በባየው መኪና ይወርዳል፤ ባየው ደግሞ እዚያ ከዋለ ምሳው ሰላሀዲን ቤት ነው። ድግስ ሲሆን የአገሩ ወግ ይጠበቃል። ሰላሀዲን ሲደግስ ለክርስቲያን እንግዶቹ የሚሆነውን በግ ባርኮ የሚያርደው፣ የእነሱንም ዳስ የሚያስተናግደው ባየው ነው። ባየው ሲደግስ ደግሞ የእስላሞቹን በግ ቢስሚላሂ ብሎ የሚያርደው ሰላሀዲን ነው። በሁለቱ ቤት ቢላው ይለያያል እንጂ ፍቅሩ አንድ ነበር። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ደግሞ የሰላሀዲን ልጅ አፊፋ ልትዳር ቀን ተቆርጧል። ባየው ልጅቷን ገና በአንቀልባ ሳለች ጀምሮ ያውቃታል፤ ዳሱን አደራ ብለውታል፤ የጎረቤላን ሰው ጭኖ የሚወርደውም እሱ ነው።

ሰላሀዲን ሄሊኮፕተሯን ከአዲስ አበባ አስመጣና ከነካርቶኗ በሌላ መኪና ላከለት።

ባየው፣ በሁሉ ነገር ካልደነፋሁ የሚለው ባየው፣ ለእሷ ሲሆን ልዝብ ሆነ። ከካርቶኑ ውስጥ የወጣውን ሥዕላማ ወረቀት እንደ ዳዊት ደገመው። በግራ አውራ ጣት ከፍና ዝቅ፣ በቀኝ ወደ ፊትና ወደ ኋላ። ለጀማሪ ጅራቷን ወደ ራስ አዙሮ መቆም፤ አፍንጫዋ ወደ አንተ ከዞረ ቀኝህ ግራ ይሆንብሃልና። ከጉልበት በላይ አለማስነሳት። እንዳትገለበጥም ቀርከሃ ሰንጥቆ፣ አመሳቅሎ ከሆዷ ሥር አሰረላት፤ ጫፍ ጫፉ ላይ የፕላስቲክ ኳስ ሰካ። ነፋስ ሳይነሳ፣ ማለዳ፣ ጭጋጉ እንደተገፈፈ ኳስ ሜዳ ወጣ።

ክንፏ ተሽከረከረ። ሣሩ ተኛ። ባየው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ግራ አውራ ጣቱን ገፋ። ሄሊኮፕተሯ ስንዝር ያህል ተነሳች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ተቀመጠች። እስከ መጨረሻው ገፋው። ጮኸች፣ ተንፏቀቀች፣ እንደገና ተቀመጠች። ባትሪዋን ሞልቶ በማግስቱ ሞከረ፤ ያው። በሌላ ቀን ሞከረ፤ ያው። ወሬ እግር አለውና ሜዳው ዳር ሰው መሰብሰብ ጀመረ። አንዱ «የኔ ዶሮ ከዚህ የተሻለ ትበራለች» ሲል ሜዳው በሳቅ ፈረሰ።

ሌላ ሰው ቢሆን አብሮ ስቆ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። የባየው ደም ግን ፈላ። በሳቁት ሰዎች አይደለም፤ በሰላሀዲን ላይ። እዚያው ሜዳ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ስልክ ደወለ።

«የሞተ ዕቃ ላክልኝ አልኩህ?»

«ምን ሆነች?» አለ ሰላሀዲን።

«አትነሳም! መሳቂያ አደረግኸኝ!»

«ከመላኬ በፊት እዚህ ሱቄ በር ላይ አስነስቻታለሁ። ወላሂ በርራለች፣ ባየው። ይዘሃት ውረድና አብረን እንያት።»

ዝም ብሎ ቢወርድ ምን ነበረበት? በየቀኑ የሚወርድበት መንገድ አይደለም? ባየው ግን «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ! እኔን እንደ ዶሮ! ደግሞ ይምልልኛል! በአምላክህ ስም የምትዋሽ ቀጣፊ!» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አንድ እስላም ወላሂ ብሎ የማለውን ውሸት ነው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ባየው አጥቶት አይደለም፤ ከእስላም ጋር ጎን ለጎን ያደገ ሰው ነው። ታዲያ ማን ይመለሳል? ቁጣ ወደ ኋላ ማርሽ የለውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሊዩ አምባ ሲደርስ መኪናውን ከሰላሀዲን ሱቅ ርቆ ማቆም ያዘ። የሰላሀዲንን ዕቃ አልጭንም አለ። ሰላሀዲን ሰው ላከበት፤ አላናገርም አለ። ብርሃነሽ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው» ብትለው ሳይበላ ተነስቶ ወጣ።

የአፊፋ ሠርግ ቀን ደረሰ። ብርሃነሽ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆመች። የጎረቤላ ተጠሪዎችም ሚኒባሱ አጠገብ ተሰብስበው ጠበቁ። ባየው ቁልፉን ኪሱ ከቶ «ቀጣፊ ቤት የሚሄድ በእግሩ ይሂድ» አለ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እሱ ከቀረ በጉን ማን ይባርካል? ማንስ ዳሱን ይመራል? አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ተመለሱ። ብርሃነሽ ነጠላዋን አውልቃ አጣጠፈችና ለብዙ ቀን አላናገረችውም።

ይህም ሆኖ ተበዳዩ እሱ ነው! በባየው ሂሳብ ጎረቤላን ያሳቀበት ሰላሀዲን፣ ከሠርግ ያስቀረው ሰላሀዲን፣ ሚስቱን ያስኮረፈበትም ሰላሀዲን ነው። በመጨረሻ ራሱ «ሽማግሌ ይቀመጥልኝ» አለ። ከጎረቤላ ሽማግሌውን አቶ ገብረኪዳንን ይዞ፣ ሄሊኮፕተሯን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በገበያ ቀን ወደ አሊዩ አምባ ወረደ። ከሰላሀዲን ወገን ሼህ ያዕቁብ ተቀመጡ። ሰላሀዲን ከስቶ ነበር፤ ባየውን ሲያይ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠው። ባየው እጁን ሰጠ እንጂ ዓይኑን አልሰጠም።

ባየው ብሶቱን ዘረገፈው። ስለ ሜዳው፣ ስለ ዶሮዋ፣ ስለ መሐላው። ሰላሀዲን ተጠየቀ። «ያልኩትን ብያለሁ፤ የምጨምረው የለኝም» አለ።

ሼህ ያዕቁብ ጢማቸውን ዳበሱ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ዕቃይቱ እዚህ አይደለች? እስቲ አሳየን፣ ልጄ።»

«ማየት ነው? ይኸው!» ባየው ጨርቁን ገፈፈ። ገበያተኛው በርበሬውንና ሽንኩርቱን ትቶ ከበበ። ባየው ሄሊኮፕተሯን መሬት ላይ አኖረ፤ ሳቅ በዚህ ጊዜ በሰላሀዲን ላይ ይሆናልና ደስ እያለው፣ ግራ አውራ ጣቱን በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ገፋው።

ሄሊኮፕተሯ ተወነጨፈች። ከጉልበት አለፈች፣ ከራስ አለፈች፣ ከሱቆቹ ቆርቆሮ በላይ ወጣች። ገበያው «ኧረ!» ብሎ ጮኸ። ባየው አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ አፍንጫዋ ወደ እሱ ዞረ፤ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆነበት፤ ስትወዛወዝ ደንግጦ ጣቱን ሳበ። ሄሊኮፕተሯ አንዲት ሴት የቆለለችው ሽንኩርት ላይ ወድቃ ቀርከሃዋ ተሰበረ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

ባየው ሪሞቱን እንደጨበጠ ቆሞ ቀረ። ፊቱ ላይ የአሊዩ አምባ ሙቅ አየር ይሰማዋል። ተሳፋሪ በጠየቀው ቁጥር «እላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተርም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል» እያለ የሚያስረዳው ማን ነበር? ሚኒባሱ ወደ ጎረቤላ ዳገት ስትቃትት፣ ወደ አሊዩ አምባ ስትወርድ ነፍስ ስትዘራ ያየው ማን ነበር? ክንፍ የሚቀዝፈው አየር ነው። ጎረቤላ ላይ የሳሳው አየር እዚህ ወፍራም ነው። እንኳን ሾፌር የሾፌር ረዳት የሚያውቀውን ነገር ቁጣው ሰወረበት። ሰላሀዲን አልዋሸም። ወላሂ ያለው ወላሂ ነበር።

አቶ ገብረኪዳን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በል እንግዲህ፣ ባየው።»

ማንም ሳያዘው ባየው ከሱቁ ደጅ ትልቅ ድንጋይ አነሣ። ጫንቃው ላይ አስቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በገበያው መሃል ሰላሀዲን እግር ሥር ተንበረከከ። ሲበድል የኖረ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

«አውርድ» አለ ሰላሀዲን። «እኔስ ይቅር ብዬሃለሁ።»

ባየው አላወረደም። «የስድቤን ነው ይቅር ያልኸኝ? ወይስ የዳሱንም?»

«ዳሱ ባዶውን ዋለ» አለ ሰላሀዲን። «በጉ እንደታሰረ ዋለ። አፊፋ ስትሸኝ ዞር ብላ ‹ጋሼ ባየውስ?› አለችኝ። የእሷን እኔ ይቅር ልልልህ አልችልም።»

ስልኩን አውጥቶ ደወለ። አፊፋ ሸዋ ሮቢት ነው የተዳረችው። ሰላሀዲን ሰላምታ ከተለዋወጠ በኋላ «የሚያነጋግርሽ ሰው አለ» ብሎ ስልኩን ባየው ጆሮ ላይ ያዘለት፤ የባየው ሁለት እጆች ድንጋዩን ይዘዋል።

«ልጄ፣ ባየው ነኝ» አለ።

«ውይ ጋሼ ባየው! አልሐምዱሊላህ! እንደምን ነዎት? ሠርጌ ቀን ምን ያህል ተጨነቅሁ መሰልዎት። መኪናዎ ገደሉ ጋ ተበላሽታ ሰው ሁሉ መንገድ እንደቀረ አባቴ ነገረኝ። ብቻ እርስዎን አላህ አተረፈልን!»

ባየው ቀና ብሎ ሰላሀዲንን አየ። በጎረቤላ ሰው ሁሉ ፊት ቀጣፊ የተባለው ሰው፣ በመሐላው የተሰደበው ሰው፣ ለገዛ ልጁ በሠርጓ ቀን ውሸት ነግሯል። የነገራትም ለባየው ክብር ሲል ነው። ባየው እውነቱን ሊያወጣ አፉን ከፈተ። ሰላሀዲን ራሱን ነቀነቀ፤ አትንገራት ማለቱ ነው።

«አዎ ልጄ» አለ ባየው። «መኪናዋ ነበረች።»

አፊፋ መርቃው ስልኩ ተዘጋ። ሼህ ያዕቁብ ድንጋዩን ሊያወርዱለት እጃቸውን ዘረጉ፤ ባየው ግን አልለቀውም አለ። በሕይወቱ ሙሉ እንደዚያን ጊዜ ተቆጥቶ አያውቅም። ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ አይቷል፤ ጢሙ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የሚጮህበት ሰው ግን ከራሱ ሌላ አላገኘም።