ፊልም የሚያቋርጡት አጎቴ

አጎቴ ሸዋሮቢት ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበራቸው፤ አንድም ፊልም ሳያቋርጡ አሳይተው ግን አያውቁም። ቤት ውስጥ ልብ ወለድ ሲያነቡልንም ያው ነበሩ፤ ልባችን ሲሰቀል መጽሐፉን እጥፍ ያደርጉታል።

አንድ እሑድ ድሮ የተሠራ ጥቁርና ነጭ ፊልም ከፈቱ። አንድ ዳኛ ፊት የገዛ ልጁ በነፍስ ግድያ ተከሶ ሲቀርብ ፊልሙን አቆሙና ወደ ሰዉ ዞሩ።

«እናንተ ብትሆኑ ምን ትፈርዳላችሁ?»

«ኧረ ጋሼ፣ በዚህ ሙቀት! ይልቀቁትና መጨረሻውን እንይ» አለ ከቀወት የመጣ ሽንኩርት ገበሬ።

«መጨረሻውንማ ፊልሙ ይነግርሃል። እኔ የምፈልገው ያንተን ነው።»

ገበሬው ትንሽ አሰበና «ልጄንማ አሳልፌ አልሰጥም!» አለ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ደግሞ «የሟቹስ እናት?» ብሎ ተነሳበት። ቤቱ በጩኸት ተሞላ። በማግስቱ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት እየተመዘነ ያንኑ ሲከራከሩ ሰማኋቸው። ይህን ያስጀመሩት የእናቴ ወንድም ናቸው ብዬ ኮራሁ፤ ዛሬም እኮራለሁ።

አጎቴ አርፈው አርባቸው ከወጣ በኋላ ቪዲዮ ቤቱን ከፍቼ ያንኑ ፊልም አስጀመርኩ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ቆሞ የሚያይም አለ። እሳቸው ይቀመጡባት የነበረችው ወንበር ላይ ግን ማንም አልተቀመጠም። ልጁ ዳኛው ፊት ሲቀርብ ጣቴ ማቆሚያው ላይ ነበር፤ መጫን ግን አቃተኝ። ትዕይንቱ አለፈ።

ከኋላ ያ ሽንኩርት ገበሬ ብድግ አለ።

«አንቺ ልጅ፣ አቁሚው እንጂ! ገና መች ጠየቅሽን?»