የወንድሟን ስካር በስሟ ያዞረችው

በልብስ ስፌት ቤታችን ከእኔ ቀጥሎ ባለው መኪና ላይ የምትሠራውን ሴት «ልኬ» እንላታለን። ሳትለካ የምትቆርጠው ነገር የለም። ለማንም የሚሆን የሆስፒታል ጋውን ስንሰፋ እንኳ ሜትሯን ከአንገቷ አታወርድም። «ለበሽተኛ ተሰፍቶ ደግሞ ማን ሊያየው?» ስላት፣ «በሽተኛስ ሰው አይደል?» ትለኛለች። ደግነቷ ያናድዳል።

ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ የነበራት አንድ ታናሽ ወንድም ነው። እንደ ልጅ ያሳደገችው እሷ ናት። መስታወት ቆራጭ ነበር፤ እጁ የተባረከ ነበር ይባላል። እኔ ያወቅኩት ግን መጠጡ ከያዘው በኋላ ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አሠሪው መቁረጡን አስትቶ መስኮት አስወለወለው። ከዚያ ወዲህማ ማን ይቻለው። ጠዋት ይምላል፣ ማታ ይጠጣል። ሐኪሙ «ጉበትህ እያለቀ ነው» እንዳለው የነገረችኝ ቀን፣ ልኬ በመርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት አቅቷት ነበር።

ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚሰባሰቡ ሰዎች እንዳሉ እሱም ያውቃል። አንዴ ሄዶ ሰብሳቢው በሰው ፊት አቁሞ እንደ ሰነፍ ተማሪ ሲመረምረው ስለዋለ፣ አይለመደኝም ብሎ ነው የወጣው። ስትለምነው ስትለምነው፣ «እሺ እትዬ፣ ለአንቺ ስል አንድ ጊዜ ብቻ እሞክራለሁ። ካልተስማማኝ ግን ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ» አላት። ሌላ ሰው ቢሆን ያገኘበት ይወስደው ነበር። እሷ ግን አንዷን ዕድል በከንቱ ላለማጥፋት፣ አስቀድማ ራሷ እየዞረች ስብሰባዎቹን ታይ ጀመር።

የመጀመሪያው ከአንድ ክሊኒክ ጀርባ ያለ አዳራሽ ነበር። «ሰብሳቢው ከመጠጡስ ተላቅቋል፤ ከማይክራፎኑ ግን አልተላቀቀም» አለችኝ። በሌላው ደግሞ ሽማግሌዎች የድሮ ጠርሙሳቸውን እያነሱ ሲተርኩ ያመሻሉ። «ጠጥቼ የማላውቀውን እኔን እንኳ አማረኝ» ብላ አሳቀችኝ።

ሦስተኛው ከባትሪ መሸጫ በላይ፣ በጠባብ ደረጃ የሚወጣ ክፍል ነው። በሩ ላይ የቆሙት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። «ዘመድም ይገባል?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ከሚጠጣው ሰው ጋር ከመጣ ይገባል፤ ብቻውን አይገባም። አንቺ የትኛዋ ነሽ ልጄ?» አሏት። ልኬም፣ «የምጠጣው እኔው ነኝ» አለች።

ገባች። ማንም ምንም አልጠየቃትም። ዝም ያለ ዝም ይላል፣ ያለቀሰ ያለቅሳል። ለእሱ የሚሆነውን ቤት አገኘች። ግን በአንዴ አታምንምና ደጋግማ ሄደች፤ ሁሌ ዝም ማለቱ ሲከብዳት የምታውቀውን ተናገረች። የምታውቀው ደግሞ የእሱን ነው። «እናቴ ስታጣጥር መድኃኒት ላመጣ ተላክሁ። ሰክሬ ባዶ እጄን ተመለስኩ» አለች። ክፍሉ በሙሉ አለቀሰላት።

«አብደሻል? ንገሪያቸውና ይለይልሽ» አልኳት።

«እሱን ባመጣሁ ቀን ለሹፌሩ እነግራቸዋለሁ» አለች።

ያ ቀን ደረሰ። ወንድሟ ጢሙን ተላጭቶ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ደብቆ ተከትሏት ወጣ። እሷ አፏን ሳትከፍት ሹፌሩ እሱን እቅፍ አድርገው፣ «ወንድሟ ነህ? ጎሽ፣ ወንድም ማለት እንዲህ ነው። እህትህ ከመጠጡ ጋር ብዙ እየታገለች ነው፤ ብቻዋን አትተዋት» አሉት።

እሷን አየ፣ ሹፌሩን አየ። ነገሩ ወዲያው ገባው። «አልተዋትም፤ እኔ ነኝ የማመጣት» አለ።

«ብናገር ደረጃውን ወርዶ ይሄድብኝ ነበር» አለችኝ በማግስቱ። እኔ ግን በገንኩ። ፈሪ አልኩት፤ ቃሌን ዛሬም አላነሳሁም።

መምጣቱን ግን አላቋረጠም። እህቱን ሊያደርስ ነውና በስብሰባው ቀን አይጠጣም። እሷም በሳምንቱ ያደረገውን ሁሉ የራሷ አድርጋ ትናገራለች። «ትናንት መንገድ ላይ ወድቄ ጎረቤት አነሳኝ» ትላለች፤ እሱ ጎኗ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል። አንድ ቀን ብድግ አለ። «እኔም…» ሲል ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። «እኔም… አብሬያት አለሁ» ብሎ ተቀመጠ። ሰዉ አጨበጨበለት።

«አፉ ላይ ደርሶ ነበር እኮ» እያለች ልኬ ያን ቃል ስትጠብቅ ከረመች። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም አብሬያት መጠበቅ ጀምሬ ነበር።

ጉበቱ አልጠበቀም። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ፣ «ይቅር በይኝ እትዬ» አላት።

«ምኑን?» አለችው።

«እዚያ ክፍል የተናገርሽውን ሁሉ» አለ። እሷ ብቻ ሰማችው። በማግስቱ ሞተ።

የዚያ ክፍል ሰዎች አንድም ሳይቀሩ ለቅሶ መጡ። ሊሄዱ ሲነሡ ሹፌሩ ልኬን ወደ በሩ ወሰድ አድርገው እጇን ያዙ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ።

«ልጄ፣ ሐዘን ክፉ ነው፤ ያስጠጣል። አደራሽን ዛሬ እንዳትጠጪ። ወንድምሽ ያን ሁሉ የደከመልሽን ከንቱ አታድርጊበት» አሏት።

ልናገር አፌን ስከፍት ልኬ ክንዴን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ።

«እሺ አባባ» አለች። «አልጠጣም።»