ደብተር ማቃጠልን ፍቅር የሚል መጽሐፍ

ትናንት ሐሙስ እንጅባራ ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ዋለ። ቤት ውስጥ እኔና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ የእህቴ ልጅ ትዕግሥት ብቻ ነበርን። ያዋሰችኝን ልብ ወለድ ጨርሼ ከእጄ ወረወርኩት።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ወረቀት ነው። መጽሐፉ ስለ ተማሪዎችና ስለ ቤተ መጻሕፍት ነው ስትለኝ ጓጉቼ ነበር የጀመርኩት።

መልከ መልካሙ ልጅ የፍቅረኛውን ደብተር ያቃጥላል። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቆልፎባት ያሳድራታል። ይቅርታ የምትጠይቀው ደግሞ እሷ ናት! እኛ ሠፈር በሽማግሌ ፊት የሚያስከስሰው እዚያ «ጥልቅ ፍቅር» ይባላል።

«አክስቴ፣ ሲወዳት እኮ ነው» አለች ትዕግሥት።

«የሚናከስ ፈረስ ቢያምርስ ማን ይገዛዋል?» አልኳት።

ሳቀች። ቆየት ብላ ግን፣ «መጽሐፉን ያዋሰኝ ልጅ፣ እኔም እንዲህ ነው የምወድሽ ብሎኛል» አለችኝ።

መጽሐፉን ከወረወርኩበት አነሳሁት።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ በልጆቻችሁ እጅ ያገኛችሁ ምን አደረጋችሁ? እስቲ ጻፉልኝ።

እኔ ዛሬ ጠዋት መጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ፣ «አንብቤዋለሁ። እንዲህ የሚወድ ሰው እኛ ቤት አይመጣም። አክስቷ» ብዬ በእስክርቢቶ ጻፍኩ። ለትዕግሥት ሰጠኋት። አነበበችው፤ ለልጁ ልትመልስለት ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሄደች።