የግራ እርምጃው ያጥራል

የታሰርኩት በአንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ምክንያት ነው።

ሥራዬ ሰው ማራመድ ነው። ስብራቱ የዳነለት፣ ስትሮክ የመታው፣ ዐረብ አገር ከፎቅ ወድቃ የተመለሰች ልጅ፣ ሁሉም እኔ ዘንድ እንደገና መራመድ ይማራሉ። በመካነ ሰላም ሰው ዶክተር ይለኛል፤ አይደለሁም፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ ብል የሚሰማኝ የለም። የእያንዳንዱን አረማመድ በዚያ ደብተር እጽፍ ነበር።

ሦስት የታጠቁ ሰዎች ሲመጡ አንዲት ሴትዮ ይዤ እያራመድኩ ነበር።

«ልቀቃትና ና» አለኝ አንደኛው።

«ብለቃት ትወድቃለች።»

«ና ተብለሃል!»

ወንበር ስቤ ካስቀመጥኳት በኋላ ሄድኩ። ለዚያች ለወንበሯ በጥፊ ተመታሁ፤ ደብተሬንም ከጠረጴዛው አንስተው ያዙት።

የወሰዱኝ ከከተማው ዳር ወዳለ የእህል መጋዘን ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጥጋጥጉ የሻገተ ስንዴ የሚሸት። ወደ ሠላሳ ሰው ነበርን። እግር ዘርግቶ መተኛት በተራ ነበር።

በማግስቱ መርማሪው ደብተሬን ገልጦ ጮክ ብሎ አነበበልኝ።

«የግራ እርምጃው ያጥራል። ምን ማለት ነው?»

«የግራ እግሩን አጠር አድርጎ ነው የሚያራምደው ማለት ነው።»

«እሺ ይሄስ? ከሰኞ ጀምሮ ያለ ድጋፍ እርምጃ ይወስዳል። ማነው እሱ? እርምጃ የሚወስደው ማን ላይ ነው? ድጋፉንስ ማን ነበር የሚሰጠው?»

«ዳሌው የተሰበረ ሽማግሌ ነው። ድጋፉ ከዘራ ነው።»

ሳቀ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ አብሬው ሳቅሁ። እርምጃ ማለት እናት ልጇ አንድ ሁለት ሲል የምታጨበጭብለት ነገር ነበር። ዛሬ በዜና «እርምጃ ተወሰደ» ከተባለ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ቃሉን ያበላሹት እነሱ፣ የታሰርኩበት እኔ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይሄ ነው። እንዲያውም መርማሪው ራሱ ቀኝ ጉልበቱን ያመዋል፤ ሲነሳ ጠረጴዛውን ተደግፎ ነው። ምን ማድረግ እንዳለበት አውቅ ነበር። አልነገርኩትም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ አስገቡ። ከስልሳ ዓመት ያለፉ የለጋምቦ ገበሬ ናቸው። የሚፈለገው ከዐረብ አገር የተመለሰው ልጃቸው ነበር፤ እሱ ሲታጣ አባትዬውን አመጧቸው። ልማድ ሆኖብኝ ከፊታቸው በፊት እግራቸውን አየሁ። ተረከዛቸው ቀድሞ ያርፋል፣ ጣቶቻቸው ይከተላሉ፣ ግራና ቀኙ እኩል። ዳገትና ቁልቁለት ያሳደገው እግር ነበር።

«ልጅህ የት ነው?» አሏቸው። አላውቅም አሉ። እንግዲያው ቁጢጥ ብለህ አስብ ተባሉ። ሁለት ቀን ሙሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ግቢው መሃል ቁጢጥ ብለው ዋሉ። ለሶላት ሲነሱ ብቻ ነበር ጉልበታቸው የሚዘረጋው። በቆርቆሮው ቀዳዳ አያቸው ነበር። ከጉልበት በታች፣ በውጭ በኩል፣ እግርን ወደ ላይ የሚያነሳው ነርቭ አለ፤ ከቆዳው ብዙም አይርቅም። ሰው ለረጅም ሰዓት ቁጢጥ ሲል ይጨፈለቃል። ይህን እያወቁ በቀዳዳ ማየት ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠባቂው ጠራቸው። ተነሥተው ሲራመዱ የግራ ጉልበታቸውን ከፍ አድርገው አነሱ፤ እግራቸው ከታች ተንጠለጠለ፤ መሬት ሲደርስ ጠፍ አለ። ደግመው አነሱ። ጠፍ።

«ተመልከቱት!» አለ ጠባቂው። «የወታደር ሰልፍ እየወጣልን ነው። ማነው እንዲህ ያሠለጠነህ?»

ቅልጥማቸውን በዱላ መታቸው።

«እያሾፉ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «እግራቸው አይነሳላቸውም! እናንተ ናችሁ ያደረጋችሁት!»

መልሰው አስገቧቸው። አጠገቤ አስቀምጬ እግራቸውን ያዝኩ። ከቁርጭምጭሚታቸው በታች ቀዝቅዟል።

«አባባ፣ አውራ ጣትዎን ወደ ላይ ያንሱልኝ።»

«ይኸው አነሳሁት።»

አልተነሳም ነበር። ፊቴን አይተው እሳቸውም ወደ እግራቸው ተመለከቱ።

«ወላሂ እኔስ አዝዣለሁ፤ እምቢ ያለ እሱ ነው» አሉና ፈገግ አሉ። «ይመለስ ይሆን ልጄ?»

«ቁጢጥ ማለቱ ከቀረ ሊመለስ ይችላል። አንድ ቀን ከጨመሩ ግን እፈራለሁ።»

«አብሽር። አላህ ያውቃል።»

አብሽር ባይ እሳቸው፣ ተጽናኝ እኔ! መርማሪው እንዲያስጠራኝ ለመንኩ። ነገሩን አስረድቼው ሳበቃ ትንሽ አሰበና ነጭ ወረቀት አቀረበልኝ።

«ባለሙያ አይደለህ? ሲገባም አንካሳ ነበር ብለህ ጻፍ። እሱ ሁለተኛ ቁጢጥ አይልም። አንተም ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

እውነቱን ልናገር፣ ልጽፍ ነበር። እግሩ ከዳነ ውሸቱ ምን ይጎዳል ብዬ አሰብኩ። ቤቴም ናፍቆኛል። ግን እግሩ የእኔ አይደለም፤ ባለቤቱን ልጠይቅ አልኩ። ፈቀደልኝ።

ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ሲገባ በደህና እግሩ ነበር፣ በለው» አሉኝ። «በሁለት እግሬ ነው የገባሁ። ልጄን አልሰጠሁ፣ እግሬን ሰጥቻለሁ፤ እውነቱን ደሞ አልሰጥም። በኔ ላይ ውሸት አትጣፍብኝ።»

ተመልሼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሲገቡ አረማመዳቸው ጤነኛ ነበር። ሁለት ቀን ቁጢጥ እንዲሉ በመገደዳቸው የግራ እግራቸው ወደ ላይ አይነሳም። ድጋሚ ከተገደዱ እንደዚሁ ሊቀር ይችላል።» ከሥር ሙሉ ስሜንና ሙያዬን ጻፍኩና ፈረምኩ።

መርማሪው አንብቦ ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተው።

«እንግዲህ እዚሁ ትከርማለህ» አለኝ።

ከረምኩ። ሽማግሌውን ግን ዳግመኛ ቁጢጥ አላስባሏቸውም። ስምና ፊርማ ያለበት ወረቀት ፈርተው ይሆናል፤ ሰልችቷቸውም ይሆናል። በሳምንቱ ሊለቋቸው ሲጠሯቸው የሸሚዜን እጅጌ ቀድጄ ከእግራቸው ፊት እስከ ጉልበታቸው ወጥሬ አሰርኩላቸው፤ ጣቱ መሬት እንዳይጎተት። ሁለት እስረኞች ሊሸከሟቸው ተነሡ።

«ተውኝ» አሉ። «በእግሬ የመጣሁ፣ በእግሬ ነው የምሄድ።»

ቢስሚላህ ብለው ግቢውን ብቻቸውን አቋረጡት። ዝግ ብለው፣ በጠባቂዎቹ መሃል። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር ያያቸው።

እኔ ከርሜ ስፈታ ሄጄ አየኋቸው፤ እግራቸው በግማሽ ተመልሷል። ሜዳ ላይ ይሄዳሉ፤ ቁልቁለት ላይ ጥንድ በሬ ተከትለው ማረስ ግን ቀርቷል። ለእነሱ የሁለት ቀን ቁጣ የአንድ ገበሬ እግር! ማንም አልተጠየቀበትም። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል፤ ይቅር በል የሚሉኝ አሉ፣ ይቅር በለኝ ያለኝ ግን የለም።

እኔ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። አንዳንድ ቀን ከአቀስታ፣ ከማሻ አንድ ጎልማሳ ይመጣል፤ ጉልበቱ ከፍ ይላል፣ እግሩ ጠፍ ይላል። ምን ሆነህ ነው ስለው ዐይኑን መሬት ላይ ይተክላል።

«ወድቄ ነው» ይለኛል።

«ቁጢጥ አስብለውህ ነው?» እላለሁ ቀስ ብዬ።

የሱሪውን እግር ወደ ታች ይጎትታል። አላስጨንቀውም። ካርዱ ላይ ግን «ወደቀ» ብዬ አልጽፍም።