ከሸንኮራው በላይ ያለው አየር

ሃምሳ አለቃ ኢተፋ ከአዳማ ወጣ ብሎ የራዳር ጣቢያ ባለበት ኮረብታ ላይ ሲኖር ጎረቤቶቹ ንፋስና ጅብ ነበሩ። ሥራው የራዳሩን ውሸት መለየት ነው። የስምጥ ሸለቆ አየር ተንኮለኛ ነው፤ በበጋ ማለዳ ቀዝቃዛው ታች ተኝቶ ሞቃቱ ከላይ ሲጫነው፣ የራዳሩ ሞገድ ወደ መሬት ይታጠፍና የሩቅ ተራራን አውሮፕላን አስመስሎ ያመጣዋል። ኢተፋ በየማለዳው መለኪያ የታሰረበት ፊኛ ይለቃል፤ የየከፍታውን ሙቀትና እርጥበት ስክሪኑ ላይ ከታየው ጋር ያመሳክራል። «አየሩ እንዲህ ሲሆን በዚህ በኩል ያየኸውን አትመን» የሚል ሰንጠረዥ እያዘጋጀ ነበር።

ሰንጠረዡ ካለቀ ተተኪው ጫላ ይቀመጥበታል፤ እሱም ኩየራ ሄዶ እጮኛውን ፀዳለን ያገባል። ሰርጉ ሁለቴ ተላልፏል። በ1974 ጥር ላይ የጣቢያው አዛዥ ሻምበል ቁርጡን ነገሩት፦ «ጫላ በሰንጠረዡ ብቻ ይሥራ። ከሠራለት እሑድ ሙሽራ ነህ።»

በፈተናው ማለዳ ፊኛዋ ምንም እንከን አላሳየችም፤ ሰንጠረዡም «እመን» አለ። ወዲያው ስክሪኑ ላይ በአዋሽ ወንዝ በኩል የተደረደሩ ነጥቦች ብቅ አሉ። ጫላ የማስጠንቀቂያውን ስልክ ብድግ አደረገ።

«ቆይ!» ኢተፋ ስልኩን አስመልሶት በሩን ከፍቶ ቁልቁል አየ። ውሃ በጠጣው የሸንኮራ ማሳ ላይ ጉም ተነጥፏል። ያን ጊዜ ገባው። ፊኛ ሲለቅ የኖረው ከደረቁ ኮረብታ ነው፤ ሞገዱ የሚያልፈው ግን በእርጥቡ ማሳ ላይ። ለካ የለካው የደጁን አየር ብቻ ኖሯል።

ፀሐይ ስትበረታ ነጥቦቹ ጠፉ።

«ማን አየ?» አለ ጫላ። «ሠራ በልና ሂድ፣ ሰርግህን ብላ! እኔ ጉሙን እያየሁ እወጣዋለሁ።»

«ጉም በማይታይበት ቀንስ?»

«ያን ቀን ፈጣሪ ያውቃል።»

«ያን ቀን አንተ ትደውላለህ፣ መድፈኞቹ ይተኩሳሉ፣ የሚያልፈውም መንገደኛ አውሮፕላን ይሆናል።»

ሻምበሉ ገቡ። «እህስ፣ ሙሽራው?»

ኢተፋ ሰንጠረዡን ዘረጋ። «በወንዙ በኩል አይሠራም፣ ጓድ ሻምበል። ታች ወርዶ አንድ ወር መለካት ያስፈልጋል።»

«ማን ይለካዋል?»

ከእሱ በቀር የሚችል አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ከተማ ወርዶ ኩየራ፣ ሚሲዮኑ ግቢ ደወለ። እዚያው የሚሠሩት የፀዳለ አባት አቶ ቀነዓ ስልኩን አነሱ።

«አካም ጂርቱ፣ አባባ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰርጉን ትንሽ ብናዘገየው...»

«ድንኳን ተተክሎ? በሬ ታስሮ? ደግሞ አሁን ምን መጣ?»

ምክንያቱ ወታደራዊ ምስጢር ነው። «የአየሩ ጠባይ...» ብሎ ተንተባተበ።

«እኔ ልጄን ላንተ አጨሁ እንጂ ለአየር ጠባይ አላጨሁም!»

ፀዳለ ስልኩን ተቀበለች። «ኢተፋ፣ ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?»

«ከወር በኋላ...»

«እንግዲያው ከወር በኋላም አትምጣ» አለች። ድምጿ ቁጣ እንኳ አልነበረበትም።

እሑድ ማለዳ ፊኛ የሚሞላበትን የጋዝ ሲሊንደር በጂፕ አውርዶ፣ ብቻውን ሸንኮራው ዳር ፊኛ ለቀቀ። ከኋላው ሙሽራ ሊያመጡ ወደ ሶደሬ የሚወርዱ መኪኖች ጥሩምባቸውን እያንባረቁ አለፉ፤ አንዱ ሰው በመስኮት «ና፣ ጨፍር!» አለው። አልዞረም። ዓይኑን ከሚከታተልበት አቅራቢ መነጽር ካነሳ ፊኛዋን ያጣታል፤ ካጣት ደግሞ ወሩ በአንድ ቀን ይረዝማል።