የመስቀሉ በሬ ጣፊያ

ባለፈው መስቀል ሆሳዕና ከተማ ውስጥ የገጠመኝ ነው። እስከ ዛሬ ትዝ ባለኝ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የከብት ጣፊያ አድቅቄ ከትፌ፣ በጨው ውኃ እያጠብኩ በቀጭን ወንፊት አሳልፌ፣ ሴሎቹን አንድ በአንድ መነጣጠል አለብኝ። በሕይወት መሆን ደግሞ አለባቸው። ጣፊያው ከቆየ ይሞታሉ፣ ተጣብቀውም ይጓጉላሉ። ከቄራ ያመጣሁት ሁሉ እንደዚያ ሆኖ ተበላሸብኝ። አማካሪዬም በዚህ ወር ካልተሳካልሽ ርዕስ ትቀይሪያለሽ አለኝ። ልፋቴ ሁሉ ገደል ሊገባ ነው።

በተከራየሁበት ግቢ ለመስቀል በሬ ሲታረድ ዕድሌ መጣ አልኩ። ጓዳ ገብቼ አከራዬን እትዬ አበበችን፣ ጣፊያውን በትኩሱ እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም። የበዓል ሥጋ ከትፌ በወንፊት ላሳልፈው ነው እንዴት ይባላል? እውነቱን ለመናገር፣ ብነግራቸውም አይገባቸውም ብዬ ነው።

ትክ ብለው አዩኝና ምንም ሳይጠይቁ ወጡ። አራጆቹ ጣፊያውን እዚያው በጥሬው ሊበሉት ነበር። እትዬ አበበች ለእኔ ስጡኝ፣ አምሮኛል ሲሏቸው ባለቤታቸው እንኳ ሳይቀሩ ሳቁባቸው፤ በስተርጅና ልትወልጂ ነው እንዴ እያሉ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ አብሬ ሳቅኩ።

ጣፊያውን በበረዶ ሳጥን አድርጌ በባጃጅ ወደ ላቦራቶሪ በረርኩ። ከሰዓት በኋላ በማይክሮስኮፕ ሳይ ሴሎቹ ክብ ክብ ብለው፣ ተለያይተው፣ አብዛኞቹ በሕይወት አሉ። ብቻዬን እልል አልኩ።

ከዚያ በኋላ እትዬ አበበች ሌላ ሰው ሆኑብኝ። አጥሚት ያመጡልኛል፣ ደጄን ይጠርጉልኛል። የበዓል ደግነት መሰለኝ። አንድ ጠዋት በጄሪካን ውኃ ይዤ ስገባ ከእጄ ነጠቁኝ።

“ልጄ፣ ሁለት ነፍስ ሆነሽ ይሄን አትሸከሚ” አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ለአባትሽም ቢሆን እኔ እነግራቸዋለሁ፣ አትፍሪ።”

ክው አልኩ። አባቴ ጊምቢቹ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ እኔ ደግሞ እጮኛም የለኝም። ጣፊያው ለትምህርቴ እንደነበረ እየተንተባተብኩ አስረዳኋቸው። ለካ ያማራት ተከራይዋ ናት ተብሎ ስሜ እንዳይነሳ፣ ያን ሁሉ ሳቅ በራሳቸው ላይ ወስደውታል። እኔም ከሳቂዎቹ አንዷ ነበርኩ።

ጄሪካኑን መሬት አስቀመጡት።

“ለትምህርቴ ነው ብትዪኝ አልሰጥሽም ነበር?” አሉኝ።

ለባለቤታቸው እውነቱን ልንገራቸው ስል ከለከሉኝ። አሁን ብትነግሪያቸው ሰበብ ነው ይላሉ፣ አንቺን መጠርጠር ይጀምራሉ አሉ።

ሥራዬ ተሳክቶ አማካሪዬ አመስግኖኛል። እትዬ አበበች ዛሬም እራት ይጠሩኛል። ባለቤታቸው እንጀራውን እየቆረሱ “ዛሬስ ምን አማረሽ?” ይሏቸዋል። እሳቸው ፈገግ ብለው ለእኔ ወጥ ይጨምሩልኛል። እኔ ቀና ብዬ አላያቸውም።