የፓናው ዋጋ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ደውላ የቤቷ ማሞቂያ መበላሸቱን ነገረችኝና፣ ሠራተኛው የጠየቃትን ዋጋ እንድከራከርላት ለመነችኝ። እሷ በስዊድንኛ፣ እኔ በአማርኛ፤ እንደ ወትሯችን። መሐንዲስ አባት እያለኝ ምን አስጨነቀኝ ብላ ነው። እኔ ግን ሳላስጨርሳት «የጠየቀሽን ክፈዪ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁባት። እዚህ የስቶክሆልም ዳር ቴንስታ፣ ሙቀቱ ከኪራዩ ጋር በሚታሰብበት ፎቅ ተቀምጦ እንዲህ ማለት ምን ይከብዳል ብላ ሳትቀየመኝ አልቀረችም። ምክንያቱን ነግሬያት አላውቅም። ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ነግሬ አላውቅም።

በፈረንጆቹ ስድሳዎቹ፣ ቴንስታ ገና ሜዳ እያለ፣ እኔ ስቶክሆልም ውስጥ የምህንድስና ተማሪ ነበርኩ። ከከተማው ወጣ ባለ ሰፈር፣ አንዲት ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ቤት የላይኛዋን ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። በልቤ እትዬ እላቸው ነበርና እዚህም እንዲሁ ልበላቸው። እትዬ ገና ከመግባቴ የባላቸውን የሱፍ ካፖርት አውጥተው «ይሄ ያንተ ነው፤ እሱ ከእንግዲህ አይበርደውም» ብለው ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ ለእኔ አከራይ ብቻ አልነበሩም።

አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። በመጣ ቁጥር ቤቱን ሽጠው የአረጋውያን መኖሪያ እንዲገቡ ይጨቀጭቃቸዋል። ዋናው ማስረጃው ምድር ቤት ያለው፣ ስዊድኖች ፓና የሚሉት በዘይት የሚነድ ምድጃ ነው። ቤቱን በሙሉ የሚያሞቀው እሱ ነው፤ አርጅቷል፤ እንደ ባለ አስም ያስላል። ልጅየው «ይሄ የጠፋ ቀን አንቺም ከዚህ ትወጫለሽ» ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ ከዚህ ቤት የሚወጣው ሬሳዬ ነው ይሉታል።

በጥር ወር እትዬ በረዶ ላይ ተንሸራተው ክንዳቸው ተሰበረና ሆስፒታል ተኙ። ለሚመጣው እሑድ ልጃቸው ወደ ቤት ሊመልሳቸው ተቀጠረ። ጉድ ሲፈላ፣ ሰኞ ጠዋት ፓናው ጸጥ አለ። እየሮጥኩ ሆስፒታል ሄጄ ነገርኳቸው። ምንም አልደነገጡም፤ ከባላቸው ጊዜ ጀምሮ ፓናውን የሚጠግን ሰው አለ፣ ጥራው አሉኝ። ገንዘቡም ወጥ ቤት፣ ከማንኪያዎቹ መሳቢያ ውስጥ አለ።

«የጠየቀህን ስጠው፤ እሑድ ቤቱ ሞቆ ይቆየኝ» አሉኝ። «ልጄ ቀዝቅዞ ካገኘው አበቃልኝ።»

የጠየቀህን ስጠው ነው ያሉት። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ትእዛዝ ከየት ይመጣል?

ሰውዬው ማክሰኞ መጣ። ሽበታም፣ ዝምተኛ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲው ወደ ምድር ቤት ወረደ። ለማስነሣት እየሞከረ ጆሮውን ፓናው ላይ አስጠግቶ አዳመጠ፤ ፈታታው፤ ከዚያ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አውጥቶ በየመስመሩ ጻፈ። የዘይቱ ፓምፕ ሞቷል፣ አዲስ ያስፈልጋል። ማቃጠያው መጽዳት አለበት። የሥራው ሰዓት፣ የመምጫው። በድምሩ ሁለት መቶ ሰማንያ ክሮነር።

እኔ ደግሞ መርካቶ አጠገብ ያደግኩ ሰው ነኝ። የመጀመሪያ ዋጋ ሰላምታ ማለት ነው፤ በሰላምታ የሚገዛ ሰው የለም። አሮጊት ሆስፒታል ተኝታ፣ ቤት የቀረው አንድ ጥቁር ተማሪ፤ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አልኩ በልቤ። ለእናቴ ቢሆን ዝም እል ነበር? መቶ ሃምሳ አልኩት።

ስዊድንኛው ያልገባኝ መስሎት ወረቀቱን ከላይ ጀምሮ እንደገና አነበበልኝ። የመምጫ ብሎ ነገር ምንድነው፣ መምጣትህ ሥራህ አይደለም ወይ ብዬ ሞገትኩት። በትዕግሥት አስረዳኝ፤ መኪናውን፣ መንገዱን፣ ሌላ ቤት ሊሠራበት ይችል የነበረውን ሰዓት። እኔ ግን ዋጋ እንጂ ማስረዳት አልፈለግኩም። መቶ ሰባ፣ ካልሆነ ሌላ ሰው አለኝ አልኩ። ሌላ ሰው አልነበረኝም። ከዚያ አገሬ እንደለመድኩት ጀርባዬን ሰጥቼ ደረጃውን ወጣሁ። መርካቶ ቢሆን ሦስት ሱቅ ሳልርቅ «ና እንጂ ወንድም» የሚል ድምፅ ይከተለኝ ነበር። እዚህ የሰማሁት መፍቻዎቹ ሣጥን ውስጥ ሲገቡ፣ በሩ ሲዘጋና መኪናው ሲነሣ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ካፖርቱን ለብሼ፣ ብርድ ልብስ ደርቤ ተኝቼ ሳለ በሩ ተንኳኳ። በመስኮት ጥግ ሳይ የሱ መኪና ናት። እሰይ! መጣልኝ አልኩ። ግን በመጀመሪያው ጥሪ ዞር የሚል ገዢ ሞኝ ነው፤ ትንሽ ያንኳኳ፣ ዋጋው ይወርዳል። ሦስት ጊዜ አንኳኳ። ቤቱን ዞረ፣ በምድር ቤቱ መስኮት አጎንብሶ አየ፣ እንደገና አንኳኳ። እኔ ብርድ ልብሴ ውስጥ ፈገግ ብዬ ነበር። ያን ፈገግታ እስከ ዛሬ ፊቴ ላይ ያለ ያህል አፍርበታለሁ።

ሄደ፤ ከሰዓት በኋላም አልተመለሰ። ሐሙስ ራሴ ስደውል ብርዱ የብዙ ሰው ፓና ስላበላሸ እስከሚቀጥለው ሳምንት ጊዜ የለውም አሉኝ። ሌሎች ጋም ደወልኩ፤ መልሱ ያው ነው። ብርዱ ሲያይልብኝ ጓደኛዬ ክፍል ሄጄ ሁለት ሌሊት አደርኩ። ውሃ ሲቀዘቅዝ እንደሚሰፋ ፈተና ላይ ጽፌ ጥሩ ማርክ ያገኘሁ ሰው፣ ባዶ ቤት ውስጥ ውሃ የሞላበት ቧንቧ ትቼ መሄዴ ትዝ አላለኝም። እኔ ባደግኩበት አገር ቧንቧ ይደርቃል እንጂ አይፈነዳም።

ቅዳሜ ስመለስ ላይኛው ፎቅ ያለው ቧንቧ ፈንድቶ፣ ውሃው በግድግዳው ወርዶ፣ ደረጃው ላይ በረዶ ሆኗል። የባላቸው ፎቶ ከነመስተዋቱ ግድግዳው ላይ ተጣብቋል። በረዶውን በመጥረቢያ ጀርባ ስፈልጥ ዋልኩ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ የረጋውም ያው ነው።

እሑድ እትዬ ክንዳቸው በአንገታቸው ታስሮ፣ በልጃቸው ተደግፈው ገቡ። ደረጃውን አዩት። ልጅየው ወደ እኔ ዞሮ ሠራተኛ አልተጠራም ወይ አለ። አልመጣም አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደ ወጣ አላውቅም፤ ተጠርቶ አልመጣም አልኩ።  እትዬ ግን ቀስ ብለው መጽሐፎችህ ረጠቡ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ወይ ነዶ፣ ያን ጊዜ እንኳ ብናገር ምን ነበረበት!

በጸደይ ቤቱ ተሸጠ። እትዬ የገቡበት መኖሪያ ንጹሕ ነበር፣ ሞቃት ነበር፣ መስኮቱ የሚያሳየው የመኪና ማቆሚያ ነበር። በየወሩ እሄድ ነበር። አንድ ቀን ቡና ቀድተውልኝ እጄን ያዙ።

«አንተማ የምትችለውን አድርገሃል» አሉኝ። «የከዳኝ ያ ሰውዬ ነው። ሃያ ዓመት ቤቴ ገብቶ ወጥቶ፣ በክፉ ቀን ቀረብኝ።»

ቡናዬን ጠጣሁ።  ይሉኝታ ነው ብዬ ራሴን አባበልኩ፤ ፍርሃት ነበር።

ከሁለት ክረምት በኋላ እትዬ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ጥቂት ሰው ነበር። ሥነ ሥርዓቱ አልቆ ስንወጣ ሰውዬው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በመቃብር ቦታው በር ላይ ቆሟል። አወቀኝ።

«በማግስቱ መጥቼ ነበር» አለኝ። «ያ ሁሉ ብርድ ሲመጣ አላስቻለኝም። ውሃውን ከቧንቧዎቹ ላፈስላቸው ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ አላስከፍልም ነበር። የሚከፍት ሰው አጣሁ።»

«ቤት ነበርኩ» አልኩት። «ሲያንኳኩ ሰምቻለሁ።»

 እሳቸው ይህን ያውቁ እንደሆነ ጠየቀኝ። አያውቁም፣ እርስዎን ነው ሲወቅሱ የኖሩት አልኩት። ባርኔጣውን ደፍቶ ወደ መቃብሩ ተመለሰና ብቻውን ቆመ። እኔ የባላቸውን ካፖርት ለብሼ በር ላይ ቀረሁ።